ካርታዬ ላይ የነበረችው ዋሻ

ደባርቅን ላላያችሁ፣ ምናልባትም ለማታዩዋት ነው ይህን የምጽፈው። ሰው የስሜንን ተራሮች ለማየት ከባሕር ማዶ ይመጣል፤ እኔ ግን የሄድኩት ለስብሰባ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ድንጋይ ስፈነክት የኖርኩ የአዳማ ጂኦሎጂስት ነኝ። የሙያ ማኅበራችን ባለፈው ግንቦት ደባርቅ ላይ ወርክሾፕ አዘጋጅቶ ነበር፤ ርእሱ «ኢንተርኔት ላይ የሚወጣ የከርሰ ምድር ዳታና የነባር ሕዝቦች መብት» ይላል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ የርእሱን የመጀመሪያ ግማሽ ወደድኩት፤ ሁለተኛው ግማሽ ለማሳመሪያ የተጨመረ መስሎኝ ነበር። የተጋበዝኩትም ልማር ሳይሆን ላስተምር ነው። ከዓመታት በፊት በዚያ አካባቢ የሠራሁት የዋሻና የምንጭ ካርታ ለሌላው አርአያ ይሆናል ተብሎ። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ለባለቤቴ ሦስት ጊዜ ነገርኳት፤ በሦስተኛው «ሰማሁ እኮ!» አለችኝ።

አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ላስጠንቅቅ። የጉዞ ጸሐፊ መንገዱን መናገር አለበት። እኔ ከሐሙስ ጀምሮ ያለውን መንገድ፣ የመንደሩንም የደብሩንም ስም አልነግራችሁም። ምክንያቱን ስትደርሱበት ትረዱኛላችሁ፤ የሰዎቹንም ስም ቀይሬዋለሁ።

እሑድ

አዘዞ ከአውሮፕላን ስወርድ አየሩ ሞቅ ያለ ነበር፣ የእኛን አዳማ የሚመስል። «ብርድ ብርድ እያሉ ያስፈራሩኝ ይኼ ነው?» ብዬ ሹራቤን አውልቄ ሻንጣ ውስጥ ከተትኩት። ሾፌሩ መንገዱ ሰላም መሆኑን በስልክ ሁለት ሦስት ቦታ ጠይቆ ተነሣ። አምባ ጊዮርጊስ ስንደርስ በረዶ ወረደብን። በረዶ ስላችሁ የምሬን ነው፤ የሚኒባሱ ጣሪያ ላይ ሽምብራ የሚቆሉ ይመስል ነበር። በዚያች ሰዓት አዳማ ላይ ሰው ጥላ ፍለጋ ግድግዳ ተጠግቶ ይሄዳል። ሹራቤ የት ነው? ሻንጣ ውስጥ። ሻንጣውስ? ጣሪያ ላይ።

አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ የዳባት ሽንኩርት ነጋዴ ናቸው። ጥርሴ ሲንቀጫቀጭ ሰምተው የጋቢያቸውን ግማሽ ወረወሩልኝ።

«ኧረ በማርያም ይልበሱ! ሰው እንዴት ራቁቱን ወደ ስሜን ይመጣል?»

«ሸሚዝ ለብሻለሁ እኮ፣ እትዬ።»

«ሸሚዝም ልብስ ሆኖ?»

እስከ ዳባት ድረስ በአንድ ጋቢ ሁለት ሆነን ተጓዝን። አዳማ ላይ የማላውቃት ሴት ጋቢ ውስጥ ብገኝ አገር ጉድ ይላል። ዳባት ላይ ወረዱ፤ የሽንኩርት ጆንያቸውን ሲያወርዱላቸው የእኔን ሻንጣም አብረው አወረዱት። ይህን ያወቅኩት ደባርቅ ደርሼ፣ ጣሪያው ባዶ ሆኖ ሳየው ነው። ላፕቶፔ ጀርባዬ ላይ ስለነበረ ተረፈ፤ ልብሴ ሁሉ ግን ከሽንኩርት ጋር ቀረ።

ያረፍኩት እትዬ አትጠገብ ቤት ነው፤ ባለቤታቸው የሞተባቸው፣ አምስት ክፍል የሚያከራዩ ሴት ናቸው። ሁኔታዬን አይተው ብዙ አልጠየቁኝም። ገብተው የሟች ባላቸውን ካፖርት ይዘው ወጡ። «እሱ ረጅም ነበር፤ ቢሰፋህም ያሞቅሃል» አሉኝ። ካፖርቱ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ደረሰ። ሁለት ባና፣ ያን ወፍራም የሱፍ ብርድ ልብስ፣ አነጠፉልኝ፤ የፈላ ውሃም በጄሪካን ሞልተው አልጋው ውስጥ፣ እግሬ ሥር አስገቡልኝ። እኛ ጄሪካን ውሃ ሲጠፋ እንጂ ብርድ ሲመጣ አናስታውሰውም። በዚያ ሁሉ ብርድ ላብ አሰመጠኝ።

ሰኞ

የወርክሾፑ አዳራሽ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ዝናብ ሲመጣ ተናጋሪው ያቆማል፤ ሲያባራ ይቀጥላል፤ ማንም አይበሳጭም። እኔ ግን በሟች ካፖርት ተጀቡኜ ስገባ የሙያ ባልደረቦቼ በሳቅ ፈነዱ። «መነኮስክ እንዴ?» ያለኝም አለ።

የመጀመሪያዋ ተናጋሪ ሰብለ ናት፤ የዳታ ባለሙያ፣ በዕድሜ ልጄ ልትሆን የምትችል፣ ድምፅዋን ሳታነሣ የምትናገር። ገና ስትጀምር ከኋላ አንዱ እጁን አወጣ። «ነባር ሕዝብ ማለት ማን ነው? እዚህ አገር ሁላችንም ነባር አይደለንም?» አላት። ግማሹ አዳራሽ አጨበጨበ፤ እኔም አጨበጨብኩ።

«ቃሉ ካስቸገራችሁ ተዉት» አለች ሰብለ። «እኔ የምጠይቃችሁ ይህን ብቻ ነው። ያወጣችሁት ዳታ ያለበት መሬት ላይ ሰው ይኖራል። ከማውጣታችሁ በፊት ጠይቃችሁታል?»

እኔ በልቤ «ድንጋይ ደግሞ ምን ፈቃድ ያስፈልገዋል» እያልኩ ነበር።

በዓለ ሃምሳ ስለነበረ ምሳው የበግ ቅቅል ነው። ከየወረዳው ከተጋበዙት የአገር ሽማግሌዎች ከአንዱ ጋር አንድ ገበታ ደረሰን። መሪጌታ ክንፈ ይባላሉ፤ ከተራራው ግርጌ ያለ የአንድ ደብር የዜማ መምህር ናቸው፤ ሰው ሁሉ «የኔታ» ይላቸዋል። ሲናገሩ አይቸኩሉም። እያንዳንዱን ቃል እስከ ጫፉ አድርሰው ነው የሚለቁት።

«ድንጋይን ስንት ዓመት ተማርኸው?» አሉኝ።

«አምስት ዓመት፣ የኔታ።»

«እኔ ድጓን ለመዝለቅ ከዚያ እጥፍ ፈጅቶብኛል። እንግዲያው ድንጋይ ይቀላል።» ቅልጥሙን አንሥተው እኔ ሳህን ላይ አኖሩልኝ። «ብላ፤ ነገ ብዙ ትናገራለህ አሉ።»

ማታ ወደ ማረፊያዬ ስመለስ ሻንጣዬ እትዬ አትጠገብ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። የዳባቷ ነጋዴ የማን እንደሆነ ሳያውቁ ለሾፌር ሰጥተው፣ «ግንቦት ላይ በሸሚዝ የመጣውን ሰው ፈልግ» ብለው ልከውት ነው። ሾፌሩም ሰው ሳይጠይቅ አላገኘኝም፤ የጠየቀው ሁሉ ግን አውቆኛል። ውስጡ ሁለት ራስ ሽንኩርት ተጨምሮበታል። እግዜር ይስጥልኝ ለማለት እንኳ ስማቸውን አልያዝኩም።

ማክሰኞ

ማክሰኞ የእኔ ቀን ናት። ልብሴን ቀየርኩ፤ ጸጉሬን አበጠርኩ። ፕሮጀክተሩ ግድግዳው ላይ ካርታዬን አበራው፤ ምንጮቹ በሰማያዊ፣ ዋሻዎቹ በቀይ ነጥብ። ሦስት በጋ ሙሉ በእግሬ የዞርኩበት ሥራ ነው። እያንዳንዱን ነጥብ ሲጫኑት ሳጥን ይከፈታል፤ የድንጋዩ ዓይነት፣ የአካባቢው ስም፣ ፎቶ፣ ጥቅሙ። አንድም ሳጥን ባዶ የለም። ባዶ ሳጥን የሰነፍ ሥራ ይመስለኛል፤ ጠባዬ ነው።

የኔታ ፊት ወንበር ላይ ነበሩ። በመቋሚያቸው ወደ ግድግዳው አመለከቱ።

«ይህች ቀይ ነጥብ ምንድን ናት?»

«ዋሻ ናት፣ የኔታ። ይመልከቱ» ብዬ ተጫንኳት። ፎቶው ወጣ፤ ከሥሩ የእኔ ጽሑፍ። ዓይናቸው የሩቅ ጽሑፍ እንደማይለይ ስለገባኝ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። «ደረቅ ዋሻ። የብራና መጻሕፍትና ንዋየ ቅድሳት ይቀመጡበታል። መወጣጫው በምሥራቅ በኩል ነው፤ በገመድ ይቻላል።»

«ቦታውን አሳምሮ ያሳያል?»

«እርምጃ እንኳ አይስትም!»

«ይህንስ ስንት ሰው ያየዋል?»

እኔ ሞኙ ደረቴን ነፋሁ። «ዓለም በሙሉ ነዋ፣ የኔታ! ስልክ ያለው ሁሉ፣ ከፈለገበት አገር ሆኖ።»

የኔታ መቋሚያቸውን ተመርኩዘው ቀስ ብለው ተነሡ።

«ይህን ቦታ ባለቤቴ አታውቀውም» አሉ። «ልጆቼ አያውቁትም። እኔም ራሴ ሙሉውን መንገድ አላውቀውም። በደብራችን ሦስት ቤት አለ። አንደኛው ቤት እስከ ወንዙ ያለውን ያውቃል። ሁለተኛው ከወንዙ እስከ ገደሉ ሥር። ሦስተኛው ከገደሉ ሥር እስከ አፉ። አንዱ ሌላውን አይጠይቅም። አባቶቻችን እንዲህ ያደረጉት አንድ ሰው ቢያዝ፣ ቢመታ፣ ቢሰክር ሁሉንም እንዳይናገር ነው። ክፉ ቀን በመጣ ቁጥር መጻሕፍቱን ያተረፍናቸው በዚህ ነው። አሁን አንተ ሦስቱን ቤት ብቻህን ሆንክ።»

አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። «ካፍ ከወጣ አፋፍ» ብለው ተቀመጡ።

ዋሻዋን እንዴት እንዳገኘኋት ልንገራችሁ። ማንም አላሳየኝም። እዚያ አገር በጥቁሩ ድንጋይ ንብርብር መካከል ለስላሳ የእሳተ ገሞራ አመድ አለ፤ ውሃና ነፋስ እሱን ቦርቡሮ ዋሻ ያደርገዋል። ከማዶ ሆኜ ያን ንብርብር በመነጽር ስከተል ደረስኩባት፤ ገመድም ነበረኝ። ውስጧ በቆዳ የተጠቀለለ ነገር በእንጨት ላይ ተደርድሯል፤ ጫፉ ብራና መሆኑ፣ አጠገቡም መስቀል መኖሩ ይታያል። እጄን አላሳረፍኩበትም፤ በዚህም ራሴን አመሰገንኩ። ከዚያ ወጥቼ «ጥቅም» የሚለውን ሳጥን ሞላሁት። ሌባ እንደማልሆን እርግጠኛ ስለነበርኩ ሌባ መኖሩን ረሳሁት።

ከአዳራሹ ወጥቼ በቀጥታ ወደ ማረፊያዬ ሄድኩ። እትዬ አትጠገብ ፊቴን አይተው «ታመሃል?» አሉኝ። ነገርኳቸው። «አይ አንተ! አውቀህ አይደለም፤ ግን ሥራህ ነው» አሉኝና ትኩስ ሾርባ አቀረቡልኝ። እውነቱንም ሾርባውንም ባንድ ላይ የሚሰጥ ሰው አገሬ ላይ ብዙ አላውቅም።

ረቡዕ

ጠዋት እኔ፣ ሰብለና የኔታ አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጥን። እኔ ሌሊቱን ሳሰላስል ያደርኩትን ዘዴ አቀረብኩ። ነጥቧን ከማጥፋት ይልቅ ማዶ ወዳለው ሸለቆ ብናዛውራት ሌባው ይጠፋበታል አልኩ።

የኔታ ቀና ብለው አዩኝ። «እዚያ ሸለቆ ውስጥስ ሰው የለም? ሌባን ወደ ጎረቤት ቤት መስደድ ነው ምክርህ?»

አፈርኩ። «እሺ፣ ነጥቧን ላጥፋት» አልኩ።

«እሱም አይሆንም፣ ጋሼ» አለች ሰብለ፤ እሷ ጋሼ ነው የምትለኝ። «ካርታህን ብዙ ሰው አውርዶታል። አሮጌውን ካርታ የያዘ ሰው ከአዲሱ ጋር ቢያስተያየው አንድ ነጥብ ብቻ ጎድሎ ያገኛል። ያን ጊዜ የትኛው ዋሻ ውድ እንደሆነ ራስህ ነገርከው ማለት ነው።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ዋሻዎቹን በሙሉ አንሣ። ስለ ሌሎቹስ ማንን ጠይቀህ ነበር?»

ወይ ጉድ! ሦስት በጋ! ጉልበቴን የሰበርኩበት፣ በየስብሰባው የተጨበጨበልኝ! ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ አልዋሽም። ሰብለ አላጣደፈችኝም። የኔታም ዳዊታቸውን አውጥተው በለሆሳስ ማንበብ ጀመሩ። ጥቂት ቆይቼ ላፕቶፑን ወደ ራሴ ሳብኩ።

ኔትወርኩ ደግሞ የደባርቅ ኔትወርክ ነው። መብራት ሄደ፤ ጄኔሬተር ተነሣ፤ ነዳጁ አለቀ። አዳማ ቢሆን በአምስት ደቂቃ የሚያልቅ ሥራ ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ፈጀ። ሰብለ ስልኳን አዳራሹ መስኮት ላይ አስደግፋ፣ ኔትወርክ በመጣ ቁጥር «አሁን!» እያለችኝ አንድ በአንድ አጠፋናቸው። ካርታውን ሲያወርዱ አድራሻቸውን ላስመዘገቡ ሰዎችም በያሉበት ጻፈችላቸው፤ እንዲያጠፉት ለመነቻቸው። እንደ እሷ ያለ ታጋሽ ሰው አላየሁም።

የመጨረሻዋ ቀይ ነጥብ ስትጠፋ ወደ የኔታ ዞርኩ። የማስደስታቸው ነገር ቢኖረኝ በወደድኩ። ነገር ግን እውነቱን ነገርኳቸው፤ ከእኛ ዘንድ ጠፍቷል፣ ከሰው እጅ ግን ጠፍቷል ማለት አልችልም።

«የፈሰሰ ውሃ ነው» አሉ። «እንግዲህ መጻሕፍቱን ማንሣት አለብን። አንተም ይህን ለእኔ ሳይሆን ለደብሩ ንገር። ነገ አብረኸኝ ትወርዳለህ።»

ሐሙስ

እንዳልኩት መንገዱን አልናገርም። መኪና ነበረ፤ ከዚያ በቅሎ ነበረ፤ ከዚያ እግር ነበረ። ጭላዳ ዝንጀሮና ያን ረጅም የደጋ ተክል፣ ጅብራን፣ ማየት የሚፈልግ ፎቶ ሞልቶለታል። እኔ የማስታውሰው በቅሎዋን ነው። ቁልቁለቱ ላይ ቆማ እንቢ ስትል ከጀርባዋ ላይ ሆኜ ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፣ በኦሮምኛም ሞከርኳት። የኔታ በእግራቸው ከፊት እየሄዱ ዘወር አሉና «ውረድላት፤ ጭነቱን እያወቀችው ነው» አሉኝ። ስወርድላት ሄደች። እኔ በእግሬ፣ የሰባ ዓመቱ ሰው ከፊቴ፤ ስወድቅ ስነሣ መንደሩ ደረስን።

ሽማግሌዎቹ ደጀ ሰላሙ ላይ ተቀምጠው ጠበቁን። ቆሜ ተናገርኩ። ላፕቶፕ የለ፣ ግድግዳ ላይ የሚበራ ነገር የለ፤ በአፌ ብቻ። ካርታውን፣ ነጥቧን፣ ዓለም ሁሉ ሊያያት እንደሚችል፣ እንዳጠፋናትና ማጥፋቱ እንደማይበቃ። ስጨርስ አንድ ጎልማሳ ተነሡ። አያ ማሬ ይባላሉ፤ ከሦስቱ ቤት የአንዱ ባለቤት ናቸው።

«አውቅሃለሁ» አሉኝ። «ያን ጊዜ ስትመጣ ቤቴ ገብተህ የገብስ ጠላ ጠጥተሃል። ምንጩን ሁሉ እኔ ነኝ ያሳየሁህ። ወደ ገደሉ ስትወጣ ግን አልነገርከኝም። ለምን አልጠየቅኸንም?»

ብዙ መልስ ነበረኝ። ለሳይንስ ነው፤ ለቅርስ ጥበቃ ነው፤ ማንን እንደምጠይቅ አላወቅኩም። ሁሉም አፌ ድረስ መጣ። እዚያ ደጅ ላይ ቆሞ ግን ሰው መዋሸት አይችልም።

«ብጠይቃችሁ እንቢ ትላላችሁ ብዬ ነው፣ አያ ማሬ» አልኳቸው።

አያ ማሬ መሬት መሬት እያዩ ቆዩ። «ይኼስ እውነት ነው» አሉና ተቀመጡ። «እንቢ እንልህ ነበር።»

ሲመክሩ እኔ ወጥቼ ቆምኩ። የት እንደማድር ማሰብ ጀምሬ ነበር፤ ማን ያሳድረኛል? ከዚያ አያ ማሬ ራሳቸው መጥተው ሻንጣዬን አነሡ። «ና፤ መሽቶብሃል» አሉኝ። ከተቆጡኝ ሰው ቤት ገባሁ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ውዴ ትኩስ የገብስ ዳቦ በአይብና በቅቤ አቀረቡ፤ መደቡንም ለቀቁልኝ። አያ ማሬ እየበላን አንድ ቃል አልተነፈሱም፤ ነገር ግን ዳቦው ከፊቴ ባነሰ ቁጥር ቆርሰው ይጨምሩልኝ ነበር። እኛ ከተማ ላይ ከሰው ስንጣላ ስልኩን አናነሣም። እዚህ ሰው ተቀይሞህም ያጎርስሃል፤ ጉርሻውን መዋጥ ግን እንዴት ይከብዳል!

ዓርብ

ጠዋት የኔታ መጡ። ምክሩ አልቋል፤ ዛሬ የሦስቱ ቤት ሰዎች፣ የኔታም አንዱ ሆነው፣ አዲስ ቦታ ፍለጋ ይወጣሉ፤ መንገዱንም ለልጆቻቸው እንደ ቀድሞው ከሦስት ከፍለው ያወርሳሉ። እኔ አስቀድሜ ተዘጋጅቻለሁ፤ ጫማዬን አጥብቄ፣ መዶሻዬን ይዤ።

«የኔታ፣ አብሬ ልሂድ። ዋሻ ስለ መምረጥ ከእኔ የተሻለ ሰው አታገኙም። ውሃ የሚያስገባውን፣ የሚናደውን በዓይኔ አውቀዋለሁ።»

«ማወቅስ ታውቃለህ» አሉ የኔታ። «ለዚህ ነው የማትሄደው።»

ከፋኝ። አዎ፣ ከፋኝ፤ ትክክል መሆናቸውን እያወቅኩም ከፋኝ። ከዚያ ግን መጻሕፍቱ ቢረጥቡስ አልኩ፤ ከሌባው ሸሽተን ለሻጋታ ብንሰጣቸውስ? ማስታወሻ ደብተሬን አወጣሁ። «እንግዲያው ምልክቶቹን ልጻፍላችሁ።»

«አትጻፍ። ንገረኝ፤ በቃል እይዘዋለሁ።»

ደጃፉ ላይ ቆመን ነገርኳቸው። ጣሪያው ላይ ነጭ እንደ ጨው ያለ ቅርፊት ካያችሁ በክረምት ውሃ ያንጠባጥባል፤ አትግቡበት። ወለሉ ላይ የወደቀው ድንጋይ ፊቱ አዲስ፣ ያልጠቆረ ከሆነ ጣሪያው ገና እየወረደ ነው፤ ተዉት። ግድግዳውን በመዶሻ ምቱት፤ ጥርት ብሎ ከጮኸ ጤነኛ ነው፤ ከበሮ ከመሰለ ውስጡ ተለያይቷል። የኔታ ዓይናቸውን ከድነው ሰሙኝ፤ ከዚያ እንደ ተማሪ ቤት ከመጀመሪያው ጀምረው መለሱልኝ። አንዲት ቃል አላጎደሉም። ቀጥለው አያ ማሬን አስባሉ። አያ ማሬ ድንጋዩን ከቅርፊቱ አስቀደሙና «እንደገና!» ተባሉ። ሦስተኛው ቤት፣ አንድ ዝምተኛ ሽማግሌ፣ በተራቸው አሉ። እኔ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ይህንኑ ሳስተምር ተማሪዎቼ ፎቶ አንሥተውት ይወጣሉ፤ በፈተና ቀን ስልካቸው ይፈለጋል። አያ ማሬ ደጃፍ ላይ በሩብ ሰዓት ሦስት ጂኦሎጂስት ተመረቀ። መዶሻዬን ሰጠኋቸው፤ ሄዱ። በየት በኩል እንደሄዱ እንዳላይ ቤት ገብቼ ተቀመጥኩ።

ቀኑ እንዴት ይረዝማል! ረፋዱ ላይ ዝናብ መጣ፤ ገደሉ ላይ እግራቸው ቢያዳልጥስ እያልኩ ተብከነከንኩ። ወይዘሮ ውዴ መንቆራጠጤ ሰልችቷቸው መጥረቢያ ሰጡኝ። እንጨቱን ስመታው መጥረቢያው ተቀርቅሮ ቀረ። «ድንጋይ ፈላጩ እንጨት አቃተው!» ብለው እስኪያነቡ ሳቁብኝ። ነቅለው ሰጡኝ፤ እንደገና ቀረቀርኩት። ጎረቤት ሴቶችም እየመጡ አዩኝ። ያንን ቀን ያለ እሳቸው ሳቅ አልወጣውም ነበር።

ዐሥር ሰዓት ሲሆን ተመለሱ። መጀመሪያ የኔታ ገቡ፤ ደክሟቸዋል፤ ግንባራቸው ግን ፈክቷል።

«ጮኸ» አሉኝ ገና ሳይቀመጡ። «ጥርት ብሎ ጮኸ። ነጩ ቅርፊት የለም። ወለሉ ጠቁሯል።»

«ተመስገን!» ብዬ ጮህኩ። ሌላ አልጠየቅኩም።

የኔታ መደቡ ላይ ተቀምጠው እግራቸውን ዘረጉ፤ ዓይኔም ሳላዝዘው እግራቸው ላይ አረፈ። ጭቃው ከቁርጭምጭሚታቸው እስከ ጉልበታቸው በየቀለሙ ተደርቧል። አሁን ይህን ልንገራችሁ፤ ለእኔ እግር ላይ የደረቀ ጭቃ የተጻፈ ወረቀት ነው። ጥቁሩ አፈር የት እንዳለ አውቃለሁ፤ ቀዩ የት እንደሚጀምር አውቃለሁ፤ ግራጫው አመድ በየትኛው ሸለቆ እንደሚወጣ ሦስት በጋ ዞሬ ለይቼዋለሁ። ከታች ወደ ላይ ማንበብ ጀመርኩ። የመጀመሪያውን አወቅኩት። ሁለተኛውን አወቅኩት። ልቤ ሦስተኛውን ስም ሊጠራ ሲል ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

«ወይዘሮ ውዴ፣ ውሃ ይስጡኝ! ቶሎ!» አልኩ።

በሳፋ ለብ ያለ ውሃ አመጡልኝ። የኔታ ፊት ተንበረከክሁ። እግራቸውን ሊሰበስቡ ሞከሩ። «ተው፣ አንተ እንግዳ ነህ፤ ልጆቹ ያጥቡኛል» አሉ። አልሰማኋቸውም። ዓይኔን ጨፍኜ፣ በእጄ እየዳበስኩ፣ ከጉልበታቸው ጀምሬ ወደ ታች አጠብኳቸው። ከዚያ አያ ማሬን አጠብኩ፤ ከዚያ ዝምተኛውን ሽማግሌ።

«ለምን ትጨፍናለህ?» አሉኝ የኔታ።

«አፈሩን ማንበብ እችላለሁ፣ የኔታ።»

ጥቂት ቆይቶ አንድ ከባድ እጅ ትከሻዬ ላይ አረፈ፤ የአያ ማሬ እጅ ነው።

«አሁን ግለጥ፤ ጠርቷል» አሉኝ። ትናንት ማታ ቤታቸው ከገባሁ ወዲህ በቀጥታ ሲያናግሩኝ ይህ የመጀመሪያቸው ነበር። «ደግሞ ስትመጣ አብረኸን ትወጣለህ።»

«አልወጣም፣ አያ ማሬ» አልኳቸው። «ራሴን አውቀዋለሁ።»

ሳፋውን አንሥቼ ወጣሁ፤ ሰማይ ሰማይ እያየሁ ጓሮ ድረስ ሄጄ ጎመኑ ሥር ደፋሁት።